የአባትሽ ፒካፕና ሰማያዊው ደብተር

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። ጡረታ እንደወጣ የ1978 ሞዴል ላንድክሩዘር ፒካፕ ገዛ። ሞተሩ የነከሰ፣ ላሜራው በዝገት የተበላ ነበር። ጓሮ ሸራ ወጥሮ ዘጠኝ ዓመት ሠራው። የቤንዚን ሞተሩን አውርዶ የናፍጣ ጫነበት። ትልልቅ ጎማ አደረገለት። ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ አስበየደለት። የጭነቱን ወለል ከፈረሰው አሮጌ ቤታችን ሳንቃ ሠራው። ጨርሶት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። አሁን አሥር ወር ሆነው።

ታናሽ ወንድሜ ይሸጥ ይላል። አባቴ ታሞ ሳለ የሰጠው ውክልና በእጁ አለ። አንድ ደላላ አይቶት «አሮጌ ብረት ነው፣ ከ900 ሺህ ብር በላይ አያወጣም» አለን። ቡራዩ የሚኖር ሌላ ልጅ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ እሰጣለሁ ብሏል። ግን «ስም ማዞሩ ይቆይ፣ ለጊዜው በውክልና እንጨርስ» ይላል። ወንድሜ ትርፍ ቁልፉን ለደላላው ሰጥቶታል። ሊብሬው ላይ ያለው የድሮው ሞተር ቁጥር ነው። እናቴ ስለ ሽያጩ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ብቻ «ስጨርሰው ደብረ ሊባኖስ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር» አለች። እኔ መኪና አልነዳም። ስለዚህ መኪና የማውቀው አባቴ ሥራውን ይጽፍበት የነበረው ሰማያዊ ደብተር ላይ ያለውን ብቻ ነው። ሁለት ገጹን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ምን እናድርግ?

ሶስና ነኝ

መልስ፦

ሶስና እህቴ፣ አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር። እናንተንም ያጽናችሁ።

የምነግርሽ ብዙ ነው። አንዱ ግን ለነገ አይባልም። ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂና ትርፍ ቁልፉን ከደላላው ተቀበሉ። መጣላት አያስፈልግም። «የወራሽነት ጉዳይ አላለቀም፣ እስኪያልቅ መኪናው ቤት ይቆማል» በሉት። እውነትም ነው። ደላላ ቁልፍ ከያዘ መኪናውን ለማን እንዳሳየው፣ የት እንደነዳው፣ የትኛው ጋራዥ ኮፈኑን እንዳስከፈተው አታውቁም። ጥሩ ባትሪ ይዞ ገብቶ አሮጌ ባትሪ ይዞ የወጣ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ቢገጭበት ደግሞ ነገሩ ወደ እናንተ ይዞራል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት የግል ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው።

አሁን ወደ ውክልናው። ወንድምሽ በክፋት እንዳልያዘው ይገባኛል። አባትሽ ታመው ሳለ የሰጡት ለእሳቸው ጉዳይ እንዲሮጥበት ነው። ግን የውክልና ሥልጣን ሰጪው ሲሞት አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ያ ወረቀት ዛሬ ምንም አያሠራም። ወንድምሽ በእሱ ፈርሞ ቢሸጥ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። ገዢው ገንዘቤን መልሱ ይላል። ወንድምሽም የሌለውን ሥልጣን ተጠቅሟል ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ስትነግሪው በቁጣ አይሁን። ብዙ ሰው አያውቀውም። ከቻላችሁ አንድ ጠበቃ ጋ አብራችሁ ገብታችሁ ከሱ አፍ ይስማው። ከእህት አፍ ከሚሰማው ይልቅ ይቀለዋል።

የቡራዩው ልጅ ያቀረበው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ብሩ ከደላላው በ500 ሺህ ስለሚበልጥ ልብ ያማልላል። ግን «በውክልና እንጨርስ» ማለት ገንዘብ ተቀብላችሁ መኪናውን ትሰጣላችሁ፣ ሊብሬው ግን በእናንተ ስም ይቀራል ማለት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ስንት መኪና በዚህ ዓይነት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል! የመጀመሪያው ገዢ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ውክልና ይሰጣል። አንድ ቀን መኪናው ሰው ይገጫል። ፖሊስ ታርጋውን ይዞ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ነው።

የምነግርሽ ከራሴ ቤት ነው። እኛም የአባታችንን ላንድሮቨር በውክልና ሸጠን ነበር። ገዢው ጨዋ ሰው ነበር፤ በሱ አልፈርድም። እሱ ለሌላ ሸጠው። በሦስተኛው ዓመት የማናውቀው ሹፌር፣ ባልሄድንበት ከተማ፣ አንድ ሰው ገጭቶ እግሩን ሰበረው። መጥሪያው የመጣው ለእናቴ ነው። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፍርድ ቤት ተመላለስን። እናቴ በዚያ ዓመት ያለቀሰችውን ያህል በአባቴ ቀብር አላለቀሰችም። ስለዚህ ሶስና፣ ማንም ስንት ቢሰጥሽ ስም ሳይዞር መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ቀጥሎ መኪናው የማን እንደሆነ እንነጋገር። በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ግን በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ ግማሹ ከመጀመሪያውም የሷ ነው። አባትሽ ፒካፑን የገዙት ጡረታ ወጥተው እንደሆነ ነግረሽኛል። ሌላ ልዩ ስምምነት ከሌለ ግማሹ መኪና የእናትሽ ነው። የቀረውን ግማሽ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ልጆቹ እኩል ትካፈላላችሁ። እናትሽ ካልፈረሙ መኪናው አይሸጥም። ዝምታቸው ደግሞ እሺታ አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ፍርድ ቤት ቀርባችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ ታወጣላችሁ። በእሱ ሊብሬው ወደ እናንተ ስም ይዞራል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው የሽያጭ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት የሚፈረመው። ወራት ይፈጃል። ወንድምሽ ይሰለቻል፣ ደላላውም «ገበያው እያለፋችሁ ነው» ይላል። ገበያው አያልፍም። መንግሥት ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ጠንካራ መኪና ፈላጊው ብዙ ነው። የሱሉልታ፣ የጫንጮ፣ የሆለታ ጭቃ መንገድ ላይ ድንችና ድርቆሽ የሚጭን ሰው ነገም ፒካፕ ይፈልጋል።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ጋ ደረስኩ። ሞተሩ።

ሊብሬው ላይ የተጻፈው የቤንዚኑ ሞተር ቁጥር ነው። ኮፈኑ ሥር ያለው ሌላ ነው። የተሽከርካሪ ምዝገባ ሕጉ እንዲህ ያለ ለውጥ እንዲመዘገብ ይፈልጋል። ሳይስተካከል ስም ማዞር አይታሰብም፤ መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሲያስተያይ እዚያው ይቆማል። ደላላው 900 ሺህ ያለውም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። «አሮጌ ብረት» ያለው መኪናውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። እናንተ በርካሽ ትሸጣላችሁ፣ እሱ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ ትርፉ የሱ ይሆናል።

ወረቀቱን ለማስተካከል ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። ባለቤት የሌለው ሞተር የተሰረቀ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ነው አባትሽ የረዱሽ። የላክሽልኝን ሁለተኛ ገጽ አጉልቼ አየሁት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቀጥ ያለ የሾፌር ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 4። ሞተር ከፍቼ መጣ። የተገለበጠ 75። ውል ሣጥን ውስጥ።» ሥሩ በሁለት መስመር ተሰምሮበታል። 75 ያሉት ሌላ የላንድክሩዘር ሞዴል ነው።

የትኛው ሣጥን ነው? የብረት ሣጥን ይሆናል። እናትሽን ጠይቂያቸው። ያ ውል ከተገኘ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ውሉ ላይ የሻጩ ስም፣ የተገለበጠው መኪና ታርጋና የሞተሩ ቁጥር መኖር አለበት። ቁጥሩ ሞተሩ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን መከላከያውን የበየደው በያጅ ወይም መካኒክ በብሩሽ ጠርጎ ያሳይሽ። ዘይትና አቧራ ስለሚሸፍነው በባዶ ዓይን ላይታይ ይችላል። አሸዋ ወረቀት ግን እንዳይነካው! የተፈገፈገ ቁጥር ከጠፋ ቁጥር የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። የሻንሲ ቁጥሩንም በዚያው እዩት። በዚህ ሞዴል በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ፣ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል። መከላከያው ሲበየድ ወይም ቀለም ሲቀባ ተሸፍኖ እንደሆነ ቀስ ብሎ ይጽዳ።

ውሉ ካልተገኘ ሞተሩ ወደተገዛበት ፍቼ ከተማ ሂዱ። ሱሉልታ ላላችሁት መንገዱ በደጃችሁ ነው። ሻጩ በሕይወት ካለ አዲስ ማረጋገጫ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ የዚያን መኪና ሊብሬ ቅጂ ለምኑት። ይህን ሁሉ ቅጂ ይዘሽ መጀመሪያ ብቻሽን ምዝገባ ቢሮ ጠይቂ። መኪናውን አትውሰጂ። ምን ምን እንደሚፈልጉ በወረቀት ጻፊና ተመለሺ።

ስለ ደብተሩ ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው መስመር ከዓይኔ አልጠፋ አለ፦ «መጋቢት 12። የኋላ ቀኝ ካምፓና ቶርኖ ቤት ገባ። ሸራው ተቀየረ። ዝናብ ስለነበረ ቀለም ለነገ።» ካምፓና ያሉት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ብረት ነው፤ ሸራውም የፍሬን ሸራ ነው። ሶስና፣ ይህ ሰው በዝናብ ቀለም አይቀባም። ቀለም በእርጥብ ላሜራ ላይ ከተቀባ ሥሩ ዝገት እንደሚጀምር ያውቃሉ፤ ስለዚህ ይጠብቃሉ። መኪና የሚያውቅ ገዢ ይህን አንድ መስመር ሲያነብ የመኪናው ዋጋ በዓይኑ ፊት ይጨምራል። የተሠራ መኪና ላይ ሰው የሚፈራው የማይታየውን ነው። ቀለሙ ያበራል፤ ሥሩ ስቱኮ (የተበላ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ) ይሁን ብረት ማን ያውቃል? እናንተ ግን የዘጠኝ ዓመት መልስ በእጅ ጽሑፍ አላችሁ።

ስለዚህ ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው። ደረሰኞች ካሉ ከየገጹ ጋር አያይዣቸው። ለገዢ የምትሰጪው ቅጂውን ነው። ዋናው ደብተር ቤት ይቀራል። ይህን ከማንም ጋር አትደራደሪበት።

አሁን «አሮጌ ብረት» ስለተባለው መኪና ትንሽ ልንገርሽ፤ ሲያወሩብሽ መልስ እንዲኖርሽ። 40 የሚባለው የላንድክሩዘር ዘር ከ1960 እስከ 1984 በፈረንጅ ነው በጃፓን የተመረተው። የእናንተ ኤፍጄ45 የዚያ ዘር ረጅሙ ፒካፕ ነው። ከዚያ በኋላ 70 የሚባለው ተተካ። እንግዲህ እንደ እናንተው ያለ መኪና አዲስ ሆኖ አይመጣም። ያለው እየቀነሰ ነው የሚሄደው። አባትሽ ያወጡት የቤንዚን ሞተር በዚያ ዘመን የነበረው 2ኤፍ መሆን አለበት፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። ነዳጅ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። የጫኑት ደብተሩ እንደሚለው ከ75 የወጣ ከሆነ ምናልባት 1ኤችዜድ የሚባለው ነው፤ እሱም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ እሱም 4.2 ሊትር፣ ግን ናፍጣ። ቶዮታ ከ1990 ጀምሮ የሠራው ነው። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ለዚህ ነው ገጠር የሚሠራ ሹፌር ሁሉ የሚወደው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል። የሚቸግረው የአሮጌው አካል ዕቃ ነው፤ የበር ጎማ፣ የፊት መብራት ክፈፍ፣ የመስታወት ማንሻ። አባትሽ ትርፍ ሰብስበው ካስቀመጡ አትጣሉት፤ ከመኪናው ጋር ይሸጣል።

ይህን ሁሉ ስል መኪናው እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ጉድለቱን ከገዢው ቀድማችሁ እወቁት፤ ስትሸጡም ንገሩት። ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ ሌላ መካኒክ በገንዘባችሁ አምጡና ያሳያችሁ። ከመምጣቱ በፊት አንቺ ራስሽ አንድ ነገር ልትሠሪ ትችያለሽ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዪና በላሜራው ላይ አስኪጂው፤ የበሩ ታችኛ ጠርዝ፣ የጋቢናው የኋላ ጥግ፣ የጣሪያው ጠርዝ። የሚይዝበት ብረት ነው። የማይይዝበት ስቱኮ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ስቱኮ ቢኖር የሚያስደነግጥ አይደለም። የት እንዳለ ማወቅሽ ነው ዋናው።

ጎማውንም እዪ። ትልልቅና ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሰው ያታልላል። በጎማው ጎን በአራት አሃዝ የተመታ ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2312 ካለ፣ በፈረንጅ 2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ እንደ አሮጌ ቆጥራችሁ ዋጋ ላይ አስቡት።

ስለ ጭሱም አትደንግጪ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ሲረገጥ ትንሽ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ እዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን ዘይት ይበላል ማለት ነው። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከሆነ መካኒኩ ይመርምረው። ገዢ ሲመጣ ሞተሩን ቀድማችሁ አታሙቁት። የሱሉልታ ጠዋት ብርዱ ስለሚታወቅ፣ ቀዝቃዛ ሞተር በመጀመሪያው ቁልፍ ሲነሳ ያየ ገዢ ሌላ ምስክር አይፈልግም። ናፍጣ ስለሆነ መጀመሪያ ካንዴላው ይሙቅ። ቁልፉን ግማሽ አዙራችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ አስነሱ።

አንዱ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ፍሬኑ። የቤንዚን ሞተር ሲሠራ ራሱ አየር ስለሚስብ የፍሬኑን አጋዥ ያግዛል። ናፍጣ ሞተር ይህን አያደርግም፤ የራሱ ቫኪዩም ፖምፓ (አየር መሳቢያ) ያስፈልገዋል። አባትሽ ሞተሩን ሲቀይሩ ይህን እንዳሰቡበት አልጠራጠርም። ግን ደብተሩ ላይ ፈልጊው፣ መካኒኩም በዓይኑ ይየው። ትልልቅ ጎማ ያለበት ከባድ መኪና፣ በአሮጌ ፍሬን፣ ያለ በቂ ቫኪዩም፣ ቁልቁለት ላይ የሚያስፈራ ነገር ነው። መኪናው ስንት ያወጣል ከሚለው በፊት ይህ ይመለስ።

አሥር ወር የቆመ መኪና ደግሞ በእርግጥ እየተጎዳ ነው። ሱሉልታ ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ሣር ላይ የቆመ መኪና ከሥር ይበላል። ጎማዎቹን ሳንቃ ወይም ድንጋይ ላይ አቁሙት። ላስቲክ አልብሳችሁት ከሆነ ዛሬውኑ አንሱት፤ እርጥበት ይዞ ያስቀራል። ሸራ ይሻላል፤ ጎኑ ክፍት ሆኖ ነፋስ ይግባው። ባትሪው ይነቀል። የእጅ ፍሬኑ ታስሮ ከቆየ ካምፓናው ላይ ሊጣበቅ ስለሚችል ይለቀቅና ጎማው በድንጋይ ይያዝ። ካንቺ የሚጠበቀው ይሄ ነው። ሞተሩን ለማስነሳት መካኒኩን ጠብቂ። የቆመ ናፍጣ ታንኩ ውስጥ ውሃ ሊይዝ ይችላልና መጀመሪያ ይቀዳ።

ስለ ዋጋው ረጅም አልናገርም። ወረቀቱ ሳይስተካከል የሚጠራ ዋጋ ሁሉ የደላላ ዋጋ ነው። ወረቀቱ ከተስተካከለ፣ ፍሬኑ ከተረጋገጠ፣ ደብተሩ ከተዘጋጀ በኋላ በዚያው ዘመን የተሠሩ፣ የሚሠሩ ፒካፖች ስንት እየተሸጡ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ በላይ ጀምሩ። ደላላ ብትይዙ ድርሻው ቀድሞ በጽሑፍ ይሁን። ቁልፍ ግን አይሰጠውም። ገዢ ሲመጣ ከእናንተ አንዱ ጋቢና ገብቶ አብሮ ይሂድ። ማን ሊገዛው እንደሚችልም አስቡ፤ እርሻ ያለው ሰው፣ ሎጅ የሚሠራ ሰው፣ የፊልም ሥራ ያለው ሰው፣ ወይም እንደ አባትሽ በአሮጌ መኪና የተለከፈ ሰው። እንዲህ ያለው ገዢ ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣ ግን ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ሥሩ ገብቶ ተኝቶ ያየዋል።

መሸጥ አለባችሁ ወይ? አዎ፣ የምትሸጡት ይመስለኛል። አንቺ አትነጂም፣ ወንድምሽም ለናፍጣና ለጎማ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው አልነገርሽኝም። ጓሮ ቆሞ የሚዝግ መኪና አባትሽን አያስታውስም። ወንድምሽ ይሸጥ ይሸጥ ማለቱን እንደ ክህደት አትይው። ምናልባት እሱ ጠዋት ጠዋት ያንን መኪና ማየት ከብዶት ይሆናል። ጠይቂው። በዚህ ጉዳይ ላይ እናንተ ሁለታችሁ ከመኪናው ትበልጣላችሁ። ግን ከሙት ዓመቱ በፊት አትሽጡ። ሁለት ወር ነው የቀረው። ወረቀቱም ከዚያ ቀድሞ አያልቅም። ለተዝካሩ ዘመድ ሲመጣ መኪናው ግቢ ውስጥ ይታይ። የሠሩትን ሰው አይቶ ይመርቅላቸው።

እናትሽን ስትጠይቂ «እንሽጠው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ይህ ጥያቄ ዝም ነው የሚያሰኛቸው። የወለሉ ሳንቃ ለዓመታት የኖሩበት ቤታቸው ነው። በላዩ ላይ ልጅ አሳድገዋል። ቡና ይዘሽላቸው ሂጂና «ደብረ ሊባኖስ መቼ እንሂድ?» በያቸው። መልሱን ስትሰሚ የሽያጩንም ታውቂያለሽ። ሳንቃው ይውጣና ቤት ይቅር ካሉም እሺ በሉ። ጭነቱ በሌላ ይነጠፋል፤ ገዢ በዚህ አይሄድም።

ጉዞው እንዲህ ይሁን። ዓመታዊ ምርመራው ይለፍ፣ ቦሎው ይለጠፍ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ይታደስ። ይህ ሳይሆን መንገድ አትውጡ። ከአባትሽ ጋር የሠራው በያጅ መንጃ ፈቃድ ካለው እሱ ይንዳ፤ ከሌለው የአባትሽ የሥራ ጓደኛ የነበረ ልምድ ያለው ሾፌር አይጠፋም። ጠዋት ማልዳችሁ በጫንጮ፣ በሙከጡሪ አድርጉ። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ ሱሉልታ ስላላችሁ ያንሳችኋል። ከዋናው መንገድ ወደ ገዳሙ ሲታጠፍ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሾፌሩ ከመታጠፊያው ላይ ቆሞ ፍሬኑን አንዴ ይሞክረው። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ እየያዘ ይውረድ። ፍሬን ላይ ተኝቶ አይውረድ፤ ካምፓናው ይግላል። ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል። እናትሽ በመስኮቱ በኩል ይቀመጡ። አንቺ መሃል ግቢ። ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ፤ ስትመለሱም ከአባትሽ የመጨረሻ መስመር ሥር ቀኑንና የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር ጻፊበት።